ማስታወቂያው የዘለለው

ሦስት ማስታወቂያዎች እናንብብ። ለአብነት እኔው ያቀናበርኳቸው ናቸው፤ ሆኖም አዲስ አበባ ላይ አንድ ሰሞን መኪና ያፈላለገ ሰው መሰሎቻቸውን ስልኩ ላይ ደጋግሞ አይቷል።

«ቪትዝ፣ 2003 ሞዴል። ሴት የያዘችው፣ ያልተነካ፣ ገዝቶ መንዳት ብቻ። ዋጋ በስልክ።»

«ያሪስ፣ 2004 ሞዴል፣ ማንዋል ካምቢዮ፣ 184 ሺህ ኪሎ ሜትር የሄደ። የፊት ፓራውልት ተቀብቷል። ፍሪሲዮን አምና ተቀይሯል፤ የኋላ ጎማዎች መቀየር አለባቸው። ሊብሬው በስሜ ነው። 1 ሚሊዮን 750 ሺህ፣ ትንሽ ድርድር አለው።»

«ቪትዝ፣ 2002 ሞዴል፣ 68 ሺህ ብቻ የነዳ፣ አዲስ ቀለም። ባለቤቱ ወደ ውጭ ስለሚሄድ አስቸኳይ ሽያጭ። በውክልና። 1 ሚሊዮን 600 ሺህ።»

ብዙ ስልክ የሚደወለው ለሦስተኛው ነው። ኪሎ ሜትሩ ትንሽ፣ ቀለሙ አዲስ፣ ዋጋው ዝቅ ያለ። ሁለተኛው ጉድለቱን እንደ ሕመምተኛ ካርድ ዘርዝሮ ገዢውን ያስደነግጣል። የእኔ ክርክር የተገላቢጦሽ ነው፤ ከሦስቱ ሊመዘን የሚችለው ሁለተኛው ብቻ ነው። ሌሎቹ ሁለቱ የሚመዘን ነገር አልሰጡንም። የመኪና ማስታወቂያ የሚያወዳድር ሰው ዋና ሥራ አንዱ የተናገረውን ሌላው ዝም ካለው ጋር ማስተያየት ነው፤ ዋጋ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህ ዝምታ በገንዘብ ስንት እንደሚያወጣ ማሰብ የጀመረው ጆርጅ አከርሎፍ የተባለ አሜሪካዊ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) በርክሌይ ላይ ገና ማስተማር የጀመረ ወጣት ኢኮኖሚስት ሳለ አንድ አጭር ጽሑፍ ጻፈ። ርዕሰ ጉዳዩ ያገለገሉ መኪኖች ነበሩ። ሦስት ታላላቅ የሙያው መጽሔቶች መለሱበት፤ ከእነርሱም ሁለቱ ጉዳዩን ተራ ነገር ነው ብለው ነበር። አራተኛው እ.ኤ.አ. በ1970 አተመው። እ.ኤ.አ. በ2001 አከርሎፍ ከማይክል ስፔንስና ከጆሴፍ ስቲግሊትዝ ጋር የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማትን ሲካፈል፣ ለሽልማቱ ያበቃው ይኸው «ተራ» ጽሑፍ ነበር።

ሐሳቡን በእኛ ገንዘብ እንቁጠረው። ከአንድ ዓይነት መኪኖች መካከል ግማሾቹ ደህና ናቸው እንበል፤ እውነተኛ ዋጋቸው 2 ሚሊዮን ብር ነው። ግማሾቹ ደግሞ ሞተራቸው የደከመ ወይም ተገልብጠው የተጠገኑ ናቸው፤ የሚያወጡት 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ነው። ሻጩ የትኛውን እንደያዘ ያውቃል፤ ገዢው አያውቅም። አስተዋይ ገዢ መሐል ቤቱን ይዞ 1 ሚሊዮን 600 ሺህ ይሰጣል። (የሦስተኛው ማስታወቂያ ዋጋ ይኸው የሆነው በአጋጣሚ አይደለም፤ ሆን ብዬ ነው ያስቀመጥኩት።) ደህና መኪና የያዘው ሰው በዚህ ዋጋ አይሸጥም፤ መኪናውን አጥቦ ወደ ጊቢው ይመልሳል፣ ወይም ለእህቱ ልጅ ይሸጣል። የታመመውን የያዘው ግን በደስታ ይሸጣል። እንዲህ እያለ ገበያው ላይ የሚቀረው የታመመው ብቻ ይሆናል፤ ገዢዎችም ይህን ሲያውቁ የሚሰጡትን ዋጋ ይበልጥ ያወርዳሉ። ማንም ሳይዋሽ፣ ማንም ሳይሰርቅ፣ ደህናው መኪና ከገበያ ይሸሻል።

የእህቱን ልጅ ያነሳሁት በዋዛ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ እጅግ ጥሩዎቹ መኪኖች ማስታወቂያ ሳያዩ ከቤተሰብ ወደ ቤተሰብ፣ ከመሥሪያ ቤት ባልደረባ ወደ ባልደረባ ያልፋሉ። «እሱ መኪና ሲይዝ አውቀዋለሁ» የሚለው ምስክርነት ከየትኛውም ፎቶግራፍ ይበልጣል። ስለዚህ ስልክ ላይ የምናየው ዝርዝር ገና ከመነሻው የተጣራ ነው፤ በዘመድ መሸጥ ያልቻለው ይበዛበታል። ይህ ማለት እዚያ ደህና መኪና የለም ማለት አይደለም። ባለቤቱ ዘመድ የሌለው፣ ወይም ለዘመድ ሸጦ ኋላ መወቃቀስ የማይፈልግ ይኖራል፤ የኋለኛው ዓይነት ሰው ቁጥሩ ቀላል አይደለም።

ሌላም ማጣሪያ አለ። በአንድ ቀን የሚሸጥ መኪና ዝርዝሩ ላይ አንድ ቀን ይቆያል፤ በሦስት ወር የማይሸጠው ደግሞ ሦስት ወር ሙሉ ይታያል። ዛሬ ማታ ስልኩን የከፈተ ገዢ የሚያገኘው በአብዛኛው ሁለተኛውን ዓይነት ነው። ከሠላሳ ማስታወቂያ ላይ ዋጋ ሰብስቦ «የገበያው ዋጋ ይህ ነው» ብሎ አማካይ የሚያወጣ ሰው የለካው ያልተሸጡትን ዋጋ ነው። ስምምነት የተደረሰበት ዋጋ በይፋ አይታይም፤ የተጠየቀው ብቻ ነው የሚታየው። ስለዚህ ከማስላት ይልቅ ለጥቂት ሳምንታት መከታተል ይጠቅማል፦ የትኛው ማስታወቂያ ቶሎ ጠፋ፣ የትኛው ዋጋውን ቀንሶ ተመለሰ፣ የትኛው ከአንድ ወር በኋላ «አዲስ» ተብሎ ወጣ። የጠፉት ማስታወቂያዎች የመጨረሻ የጥያቄ ዋጋ ከቀሩት ሁሉ ይልቅ ለእውነተኛው ዋጋ ይቀርባል።

ቁጥሩም ቢሆን ያሳስታል። አንድ መኪና በአምስት ደላላ እጅ በአምስት ዋጋ ሊወጣ ይችላል። ታርጋው ተሸፍኖ፣ ስልኩ ተለያይቶ፣ ፎቶው ግን ከአንድ ጊቢ፣ ከአንድ ብረት በር ፊት ለፊት የተነሳ። ከአምስቱ ዝቅተኛውን ዋጋ የጻፈው ደላላ ለባለቤቱ የቀረበው ሊሆን ይችላል፤ ወይም ደግሞ ስልክ ለማስደወል ብቻ የጻፈው ነው፣ ሲደወልለት «እሷ ትናንት ተሸጠች፣ ግን ሌላ አለችኝ» ይላል።

አሁን ወደ ዝምታው እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1981 ሳንፎርድ ግሮስማንና ፖል ሚልግሮም በየፊናቸው አንድ ደስ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ሻጩ የሚናገረው ነገር ሊረጋገጥ የሚችል ከሆነ፣ እጅግ ጥሩ መኪና የያዘው ሰው ይናገራል፤ ዝም ካለ ከሌሎች ጋር ይደባለቃልና። እርሱ ከተናገረ ቀጥሎ ያለው ሰውም መናገር ይበጀዋል። እንዲህ እየወረደ ይሄድና በመጨረሻ ዝም ብሎ የሚገኘው የመጨረሻው ብልሹ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ገዢው ዝምታን ሁሉ እንደ መጥፎ ወሬ መቁጠር አለበት። እንግዲህ ኪሎ ሜትር ያልጻፈ ማስታወቂያ ኪሎ ሜትሩ ብዙ ነው፤ ስለ ሊብሬው ያላነሳ ሊብሬው ላይ ነገር አለ፤ የሞተሩን ክፍል ያላሳየ ሞተሩ የሚታይ አይደለም።

በእርግጥ ሕይወት እንዲህ የጠራች አይደለችም። አንዳንዱ ሻጭ ዝም የሚለው ስንፍና ይዞት ወይም መጻፍ ስለማይወድ ነው። ገዢዎችም ዝምታን መቅጣት አልለመዱም። ዝምታ ወርቅ ነው ሲባል ሰምተናል፤ በመኪና ማስታወቂያ ግን ወርቁ የሚገባው ወደ ሻጩ ኪስ ነው። ያም ሆኖ ሐሳቡ በተግባር ሲፈተን ባዶ ሆኖ አልተገኘም። ግሪጎሪ ሉዊስ የተባለ ኢኮኖሚስት ኢቤይ ሞተርስ በተባለው የኢንተርኔት ገበያ የተሸጡ መኪኖችን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተመው ጥናት፣ ብዙ ፎቶና ብዙ ዝርዝር የተጻፈላቸው መኪኖች በተሻለ ዋጋ እንደሚሸጡ አሳይቷል። አንድ ፎቶ አንድን ጭረት ቢያሳይ እንኳ የሻጩን ዋጋ የግድ አይጎዳም፤ ገዢው የባሰ ነገር ከመገመት ይድናልና። የያሪሱ ሻጭ ስለ ኋላ ጎማዎቹ ሲጽፍ ምናልባት ይህን ንድፈ ሐሳብ ሰምቶት አያውቅም። የጎማው ጉዳይ ወጪው ይታወቃል፤ አንድ ጎማ ቤት ደውሎ ዋጋ መጠየቅ ይበቃል። «ያልተነካ» የሚለው ቃል ግን ምን ያህል ያስወጣል?

ዝርዝሩ ውስጥ ብዙ ዓይን የሚስበው ቁጥር ኪሎ ሜትር ነው፤ በቀላሉ የሚዋሸውም እርሱው ነው። በአሮጌዎቹ ጌጆች ጊዜ ቁጥሩን የመለሰ ሰው አሃዞቹን አጣምሞ ይተዋቸው ነበር። ዲጂታሉ ጌጅ ግን በኮምፒውተር ተመልሶ ምንም ምልክት አያሳይም። ስለዚህ ቁጥሩን በሒሳብ መፈተን ነው። በሥራ ቀን ከቤት ወደ ሥራ ደርሶ መልስ 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ፣ በዓመት 300 ቀን የሚነዳ መኪና በዓመት 9 ሺህ ኪሎ ሜትር ይሞላል። ይህ ለከተማ ልከኛ ግምት ነው፤ ክፍለ ሀገር መውጣት፣ ለቅሶ መድረስ፣ ልጅ ማመላለስ አልገባበትም። የ2002 ሞዴል ከ20 ዓመት በላይ ሆኖት 68 ሺህ ከሆነ በዓመት 3 ሺህ ገደማ ሄዷል ማለት ነው፤ በቀን 10 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። የማይሆን ነገር አይደለም። ግን እንዲህ ዓይነት ታሪክ ያላት መኪና ባለቤት ታሪኩን በማስታወቂያው ላይ ሳይተርክ አይቀርም ነበር።

ቁጥሩ እውነት ሲሆን እንኳ ዓይናችን ያታልለናል። ኒኮላ ላሴተራ፣ ዴቪን ፖፕና ጀስቲን ሲድኖር የተባሉ ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ ከ22 ሚሊዮን በላይ የጅምላ የመኪና ሽያጮችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተሙት ነገር ያስገርማል። 79 ሺህ 900 ማይል ያለፈ ግን 80 ሺህ ያልሞላ መኪና፣ 80 ሺህን ጥቂት ካለፈው በአማካይ 210 ዶላር ገደማ በልጦ ይሸጣል። ከ79 ሺህ 800ዎቹ ጋር ሲነጻጸር ግን ልዩነቱ 10 ዶላር ብቻ ነው። አንድ መቶ ማይል ያው አንድ መቶ ማይል ነው፤ የፊተኛው አሃዝ ሲለወጥ ግን ሰው ይደነግጣል። ለገዢ ትርፉ ግልጽ ነው፦ 201 ሺህ ያለውን ከ198 ሺህ ጋር ሲያይ ልቡ የሚፈጥረውን ልዩነት መኪናው አያውቀውም። ዝርዝሩን «ከ100 ሺህ በታች» ብሎ የሚያጣራ ሰው 103 ሺህ የሄደውን ደህና መኪና ሳያየው ያልፋል፤ 98 ሺህ ተብሎ የተመለሰውን ግን ያገኘዋል።

ጌጁ ባይናገር ሌሎች ክፍሎች ይናገራሉ። ጎማ ጎኑ ላይ አራት አሃዝ ታትሞበታል፤ 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። መስታወቶቹ ላይ የፋብሪካው ማኅተም አለ፤ አምስቱ አንድ ሆነው ስድስተኛው የሌላ ፋብሪካ ከሆነ፣ የዚያ በር ታሪክ መጠየቅ አለበት። የፍሬን ፔዳሉ ጎማ እስከ ብረቱ ያለቀ፣ መሪው የተላጠ፣ የሹፌሩ ወንበር ጠርዝ የተበላ መኪና 68 ሺህ ብቻ አልሄደም። ይህን ሁሉ ከጥሩ ፎቶ ላይ ማየት ይቻላል፤ ለዚህም ነው አንዳንድ ማስታወቂያ መኪናዋን ሁልጊዜ ከሩቅ፣ ታጥባ ውሃው ሳይደርቅ የሚያሳየን። እርጥብ ቀለም ስቱኮን ይሸፍናል።

አሁን ቪትዝና ያሪስን ለምን በአንድ ዝርዝር እንደከተትኳቸው ልናገር። ሁለቱ የአንድ መኪና ሁለት ስሞች ናቸው። ቶዮታ መኪናዋን እ.ኤ.አ. በ1999 ሲያወጣ ጃፓን ውስጥ ቪትዝ፣ አውሮፓ ውስጥ ያሪስ አላት፤ የጃፓኑ ስም እስከ 2020 ቆይቶ ቀርቷል። የአውሮፓ ገበያ ብዙዎቹ ያሪሶች ከ2001 ጀምሮ የተገጣጠሙት ፈረንሳይ ውስጥ፣ ቫሎንሲየን አጠገብ ባለው ፋብሪካ ነው። ልዩነቱ ለአዲስ አበባ ገዢ ብርቱ ነው፤ ጃፓን መሪው በቀኝ ነው። በቪትዝ ስም ለጃፓን ሰው የተሠራች መኪና ዛሬ መሪዋ በግራ ከሆነ፣ አንድ ጋራዥ ውስጥ ዳሽቦርዷ ወጥቶ መሪዋ ዞሯል። ሥራው በጥንቃቄ ከተሠራ ለዓመታት ያገለግላል። ካልተሠራ ግን የሚሰቃየው መሪው፣ የፍሬን ፔዳሉና የኤሌክትሪክ ገመዱ ነው፤ ሦስቱም ሰው የሚያጠፉ ናቸው።

ይህን ለመለየት የሻንሲ ቁጥሩ ይበቃል። ለአውሮፓና ለሌላው ገበያ የተሠራው ባለ 17 ምልክት ቁጥር ይይዛል፤ ጃፓን የተሠራው ቶዮታ በአብዛኛው በ«ጄቲ»፣ የፈረንሳዩ ደግሞ በ«ቪኤንኬ» ፊደላት ይጀምራል። ለጃፓን ገበያ የተሠራው ግን አጭር ነው፤ የመጀመሪያዋ ባለ 1 ሺህ ሲሲ ቪትዝ «ኤስሲፒ10» ብላ ሰረዝ አስቀምጣ ሰባት አሃዝ ታስከትላለች። «የሻንሲ ቁጥሩን ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ» የሚል አንድ መልእክት ከአሥር የስልክ ጥያቄ ይበልጣል። ላኪው ቢልክ ቁጥሩ ይናገራል፤ ባይልክም አንድ ነገር ታውቋል። ማስታወቂያ ላይ «ኦሪጅናል መሪ» ብለው የሚጽፉ ሻጮች ያሉትም ለዚህ ነው።

ስለ ዓመትም አንድ ማሳሰቢያ። የሞዴል ዓመት ሁልጊዜ በፈረንጆች ነው፤ «የገባው በ2010» ሲባል ግን በእኛ ሊሆን ይችላል፤ በፈረንጅ 2017 ወይም 2018 ማለት ነው። የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት በአንድ መስመር ውስጥ ተቀላቅሎ ሲያልፍ አይቻለሁ፤ አንዳንዴ ባለማወቅ፣ አንዳንዴ በማወቅ።

ዋጋውን ራሱን ለመረዳት ደግሞ ሦስት ቀኖችን ማስታወስ ያስፈልጋል። በኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 አሮጌ መኪና ማስገባት እጅግ ተወደደ፤ በዕድሜና በሲሲ እየጨመረ ለትልልቆቹ አሮጌዎች እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ተጣለ። በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተለቀቀና ዶላሩ በሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር ተነስቶ መቶን ተሻገረ። ውጤቱ የመማሪያ መጻሕፍትን የሚገለብጥ ሆነ። ሌላው ዓለም ላይ መኪና ከመሸጫው በወጣ ማግስት ዋጋው ይወርዳል፤ አዲስ አበባ ላይ ከዓመታት በፊት የተገዛች ቪትዝ ከተገዛችበት በላይ ትሸጣለች። ስለዚህ «ስንት ገዝቶት ነበር?» የሚለው ጥያቄ ምንም አይነግረንም። ሻጩ የሚያስበው በሽያጩ ገንዘብ ምን መልሶ መግዛት እንደሚችል ነው፤ ዋጋው ላይ ድርቅ ቢል አይፈረድበትም።

በዚህ ድርቅና መካከል ገዢው የሚችለው፣ የተጠየቀውን ዋጋ ወደ ሙሉ ወጪ መለወጥ ነው። የያሪሱ 1 ሚሊዮን 750 ሺህ ላይ ሁለት ጎማ፣ የደላላ ኮሚሽን ካለ እርሱ፣ ስም ማዞሪያ፣ ቦሎ፣ ኢንሹራንስ ይደመራል። የቪትዟ 1 ሚሊዮን 600 ሺህ ላይም እነዚሁ ይደመራሉ፤ ከዚያ በላይ ግን አንድ ክፍት ቦታ ይቀራል፦ ከአዲሱ ቀለም ሥር ያለው። የ150 ሺህ ብሩ ልዩነት ያንን ክፍት ቦታ ይሸፍናል? አንድ ቀጥቃጭና አንድ መካኒክ ይዞ ሄዶ ማስፈተሽ ይህን ጥያቄ ወደ ቁጥር ይለውጠዋል፤ ሻጩ ወደ ሌላ ጋራዥ ለመሄድ እምቢ ካለም ምላሽ ሰጥቷል።

«በውክልና» የሚለውን ቃል በጥድፊያ ማለፍ አይገባም። ውክልና ሰጪው በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል፤ ሰጪው ከሞተም በመርህ ደረጃ ቀሪ ይሆናል። መኪና ገዝቶ ስም ሳያዞር በውክልና ለዓመታት የሚነዳ ሰው፣ የሌላ ሰው ንብረት እየነዳ ነው። ከቀረጥ ነጻ የገባ መኪናም እንዲሁ፤ መብቱ ለሌለው ሰው ስሙ የሚዞረው ቀረጡ ሲከፈል ነው፣ ቀረጡም ከመኪናው ዋጋ ጋር የሚፎካከርበት ጊዜ አለ። ሊብሬው በማን ስም ነው፣ እግድ ወይም የባንክ ዕዳ አለበት ወይ የሚሉት ጥያቄዎች ከኪሎ ሜትር በፊት ይቀድማሉ። ሞተር ይቀየራል፤ ሰነድ ግን መካኒክ የለውም።

በኤሌክትሪክ የሚሠሩት መኪኖች ባገለገሉ መኪኖች ዝርዝር ውስጥ መታየት ከጀመሩ ወዲህ ደግሞ ዝምታው ቦታ ለውጧል። እዚህ ከኪሎ ሜትር ይልቅ ወሳኙ ባትሪው ከመጀመሪያው አቅሙ ስንት በመቶ እንደቀረው ነው፤ ማስታወቂያዎቹ ግን በብዛት የሚጽፉት «በአንድ ቻርጅ 600 ኪሎ ሜትር» የሚለውን የአዲስነቷን ቁጥር ነው። ያ ቁጥር ብዙ ጊዜ በቻይና የመፈተኛ ስልት የተለካ ነው፤ ያንኑ መኪና በአውሮፓው ወይም በአሜሪካው ስልት ቢለኩት ያነሰ ይወጣል። አዲስ አበባ ላይ የምናየው ቮልስዋገን አይዲ 6 ለምሳሌ ለቻይና ገበያ ብቻ የተሠራ ነው፤ ሶፍትዌሩም የአምራቹ ዋስትናም የታሰቡት ለዚያ ገበያ ነው። ባትሪውን በመመርመሪያ መሣሪያ አስለክቶ ውጤቱን በፎቶ የሚያያይዝ ሻጭ ካገኘን፣ ከጎኑ ካሉት ዝም ካሉ ማስታወቂያዎች የተወሰነ ገንዘብ ጨምሮ መግዛት ሞኝነት አይደለም።

የመጨረሻው ንጽጽር የሚደረገው በማስታወቂያውና በውሉ መካከል ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊ የሚሆንበትን መንገድ አስቀምጧል፤ ገዢውም ዕቃውን ቶሎ መርምሮ ጉድለቱን ማሳወቅ አለበት፣ እያወቀ ስለገዛው ጉድለትም መከራከር አይችልም። ብዙ ጊዜ የሚፈረመው ውል ግን «አይቼና ወድጄ ገዝቻለሁ» የሚል ቃል ይዞ ማስታወቂያው ላይ የተባለውን ሁሉ ትቶት ይወጣል። ማስታወቂያው ሳይጠፋ ፎቶ አንስቶ መያዝ፣ ከዚያም ኪሎ ሜትሩን፣ አደጋ አልደረሰበትም የተባለውን፣ ሞተሩ አልተከፈተም የተባለውን በውሉ ውስጥ በሻጩ ቃል ማስገባት ይቻላል። ኪሎ ሜትሩ ጋ ሲደረስ «ጌጁ እንደሚያሳየው» የሚል ቃል ይግባልኝ የሚል ሻጭ ያጋጥማል። ይህ ቃል የሚገባ ከሆነ ዋጋውም አብሮ እንደገና ይነሳል፤ ለዚህም ነው ውሉ ከቀብድ በፊት መነበብ ያለበት።